ወረንጦና የቁልፍ መያዣው

በዚህ ዐምድ መጽሐፍ ይተቻል፤ ቴአትር ይተቻል፤ አልፎ አልፎም ሥዕል ይተቻል። ዛሬ እኔ ልተች የተነሣሁት ግን ኪሴ ውስጥ ያለ ዕቃ ነው። አንባቢ ይህን ሲያይ «ሰውየው የሚጽፈው አጣ እንዴ?» ይል ይሆናል፤ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዕቃም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ሠሪ አለው፤ የሚለው ነገር አለው፤ አንዳንዴም እንደ መጽሐፍ ይዋሻል። የሚዋሽ ነገር ደግሞ ሒስ ይገባዋል።

ዕቃው ይህን ይመስላል። ከአመልካች ጣት ያጠረ፣ ግራና ቀኙ ቀይ ፕላስቲክ የለበሰ፣ ጫፉ ላይ ቀለበት ያለውና ከቤት ቁልፍ ጋር የሚንጠለጠል ነው። ሲዘረጉት ትንሽ ካራ ይወጣል፤ መቀስ ይወጣል፤ ጫፉ ካቻቢቴ የሆነ የጥፍር ሞረድም ይወጣል። በዚህ አያበቃም። ከቀዩ ልባስ ውስጥ በጥፍር ቆንጥጠው ሲስቡ በአንድ በኩል የጥርስ መጎርጎሪያ፣ በሌላ በኩል ወረንጦ ይመዘዛል። የአማርኛ ስም ስላላገኘሁለት በዚህ ጽሑፍ «የቁልፍ መያዣው» እያልኩ እጠራዋለሁ። የሰጠችኝ ጅዳ ለሥራ ሄዳ የተመለሰች የአክስቴ ልጅ ናት። ዋናው የስዊስ ሥራ አይደለም፤ ግልባጩ ነው። ማን እንደ ሠራው፣ የትስ እንደ ተሠራ አልተጻፈበትም።

አራት ዓመት ይዤው ዞሬአለሁ። ውለታውን ልቁጠር። ከጋዜጣ ላይ ጽሑፍ ቆርጬ አስቀርቼበታለሁ፤ ይህ እንደ እኔ በየመጽሔቱ እየጻፈ ለሚያድር ሰው ቀላል ነገር አይደለም። የመነጽሬን ብሎን አጥብቄበታለሁ። የሬዲዮ ባትሪ ክዳን ፈትቼበታለሁ። ከሸሚዜ የተመዘዘ ክር ቆርጬበታለሁ። ታክሲ ውስጥ ብርቱካን ልጬ ከጎኔ ለተቀመጡ እናት አካፍዬበታለሁ። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱንም እንደ ባለሙያ መሣሪያ አልሠራም፤ ካራው ለካራነት ያንሳል፤ ካቻቢቴውም ጠንካራ ብሎን ሲገጥመው ይንሸራተታል። ሆኖም ሁልጊዜ አብሮኝ ነበር። ጎበዝ መሣሪያ ቤት ከሚቀመጥ ደካማው ኪስ ቢገኝ ይሻላል።

እንግዲህ የዕቃው ሐሳብ ምንድን ነው? ባጭሩ «ማንንም አትለምን» ነው። ሥጋ ሰጥቶ ቢላዋ በሚነሣ ዓለም ውስጥ ቢላዋህን ራስህ ይዘህ ዙር ነው የሚለው።

የዚህ ሐሳብ ታሪክ ያምራል። እ.ኤ.አ. በ1884 ካርል ኤልዝነር የተባለ ስዊሳዊ ቢላዋ ሠሪ ኢባክ በምትባል መንደር የሥራ ቤት ከፈተ። የስዊስ ጦር ለወታደሮቹ ያደለው የመጀመሪያው ሰንጢ የተሠራው ጀርመን አገር ነበርና ሰውየውን ይህ ቆጨው፤ እ.ኤ.አ. በ1891 የአገሩን ወታደር የአገሩን ሰንጢ አስያዘ። ለመኮንኖች ያሰበውን ቀለል ያለ ሰንጢ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 1897 በሕግ አስመዘገበ። በእኛ ታሪክ ብናሰላው ከአድዋ ድል አንድ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ መሆኑ ነው። እናቱ ስትሞት ድርጅቱን በስሟ ቪክቶሪያ አለው፤ የማይዝግ ብረት ሲመጣም ስሙ ቪክቶሪኖክስ ሆነ። ትንሿ የቁልፍ መያዣቸው 58 ሚሊ ሜትር ናት። ሰባት አገልግሎት አላት ይላሉ፤ ከሰባቱ አንዱ ራሱ ቀለበቱ ነው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። የእኛ ገበሬ የመጥረቢያውን እጀታ «አንድ አገልግሎት» ብሎ ቢቆጥር ምን እንለው ነበር?

ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ ከባለቤቱ ጋር አውሮፓን ይዞር ነበር። መኪናቸው አሮጌ ፊያት 600 ነበረች፤ አዲስ አበባ ድሮ በታክሲነት የምታውቃት ሰይቼንቶ ማለት ናት። የሰይቼንቶን ጠባይ የሚያውቅ አንባቢ ቀሪውን ሳልነግረው ይገባዋል። መኪናዋ በተበላሸች፣ የርካሽ ሆቴሉ ቧንቧ ባፈሰሰ ቁጥር ሰውየው የኪስ ካራውን አውጥቶ ይታገላል፤ ግን ፒንሳ የለውም። ካራው ላይ ፒንሳ ቢኖር ምናለ አለ። አገሩ ገብቶ ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ ገበያ ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ስምንት ዓመት ታገለ ማለት ነው። የዛሬዎቹ ፒንሳ ያላቸው የቁልፍ መያዣዎች ከዚያ ትግል የተወለዱ ናቸው።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ካፌ ተቀምጬ ስንቴ እንዳወራኋቸው ወዳጆቼ ያውቃሉ። የሰዎቹን ስም ከነዓመተ ምሕረቱ እጠራለሁ። «አያችሁ፤ አንድ ቢላዋ ሠሪ የአገር ምልክት ሲሆን!» እላለሁ። ቢላዋ ሠሪ በእኛ አገር ምን ተብሎ ይጠራ እንደ ነበር ግን አንድም ቀን አላነሣሁም። የማነሣበት ምክንያት የለኝም ብዬ አይደለም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

* * *

ባለፈው ጊዜ አክስቴን ልጠይቅ ወደ ሐራ ወረድኩ። ሐራን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከወልድያ ወደ ቆላው ሲወርዱ የምትገኝ የማሽላና የግራር አገር ናት። የሩቅ ሰው ስሟን የሰማው ምናልባት በባቡር ምክንያት ይሆናል፤ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለው የባቡር መስመር ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ጦርነቱ በወልድያና በሐብሩ አለፈ። ከዚያ ወዲህ በአገሩ መንገድ ላይ ፍተሻ ብርቅ አይደለም።

እኛም ከመኪና ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ የጢም ጥላ ገና የጣለበት ልጅ ነው። ቁልፌን አየና ያዘው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቁልፍ መያዣ ነው።»

«ስለት አለው እኮ!»

አለው፤ ምን ልበል? ልጁ ካራውን ዘረጋ፤ ፊቱ ጠቆረ። መቀሱን ዘረጋ። ሞረዱን ዘረጋ። ከኋላዬ የተሰለፉት ተሳፋሪዎች ማጉረምረም ጀመሩ። በመጨረሻ ከቀዩ ልባስ ውስጥ አንዱን ነገር በጥፍሩ መዘዘና ፊቱ ሁሉ ተፈታ።

«ወረንጦ!» አለ። ባልደረባውን ጠራ፤ «ና እይ፤ ፈረንጅ ወረንጦ ሠርቷል!»

ሁለቱም ሳቁ። ዕቃዬን አጣጥፎ መለሰልኝና «ግቡ» አለን። ያን ሁሉ ስለት ሲመረምር እንደ ባዳ ያየኝ ልጅ ወረንጦዋን ሲያይ ዘመድ አደረገኝ። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ነገሩን ሳብሰለስል፣ ለአራት ዓመት ያዳነቅኩት ዕቃ ለአገሬ ሰው እንግዳ አለመሆኑ ገና ያኔ ገባኝ።

ወረንጦ እሾህ ማውጫ ነው። ስስ ብረት ለሁለት ታጥፎ፣ ጫፍና ጫፉ እንዲሳሳም ሆኖ ተሞርዶ ይሠራል። እረኛው፣ ገበሬው፣ መንገደኛው ከወገቡ ወይም ከአንገቱ ክር ጋር አስሮ ይይዘዋል። ሴቶች ደግሞ ከማተባቸው ጋር የጆሮ ኩክ ማውጫ ያንጠለጥሉ ነበር፤ ከብር የተሠራው ዛሬ በየሙዚየሙ ጌጥ ተብሎ ይታያል። ያ ጌጥ መሣሪያም ነበር። እንግዲህ ትንሽ መሣሪያን ከአካል ሳይለዩ ይዞ መዞር ለእኛ ከስዊስ የመጣ ጥበብ አይደለም። እነሱ ከቁልፍ ጋር አሰሩት፤ እኛ ቁልፍ ሳንይዝ በፊት ከማተብ ጋር አስረነው ነበር።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። እሾህ የሚወጋው አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ እግርን ነው። የራስን ውስጥ እግር ደህና አድርጎ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ወረንጦ ያለው ሰው ለሌላው ያወጣል፤ የእሱንም ሌላው ያወጣለታል። ወረንጦ «ማንንም አትለምን» አይልም። «እግርህን ወዲህ በል» ነው የሚለው።

* * *

አክስቴ ቤት በገባሁ በማግሥቱ የሁለቱ መሣሪያዎች ፈተና ራሱ መጣ። ትንሹ የልጅ ልጇ በኮንጎ ጫማው የግራር እሾህ ረግጦ እያነከሰ ገባ። ጊዜው የእኔ ነው ብዬ የቁልፍ መያዣውን አወጣሁ። የልጁን እግር ጭኔ ላይ አድርጌ ወረንጦዋን መዘዝኩ። የእሾሁ ጫፍ ይታያል፤ እይዘዋለሁ፤ ያመልጠኛል። እንደገና እይዘዋለሁ፤ ያመልጠኛል። የብረቱ ጫፍ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ሲጫኑት ይለመጣል። በአራተኛው ልጁ አለቀሰ።

«ልቀቀው አንተ፤ ልጁን ልትገድለው ነው?» አለች አክስቴ። ከግድግዳው ላይ ከተንጠለጠለ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ወረንጦ አወጣች። ጠቁሯል፤ መጨበጫው በብዙ ጣት ታሽቶ ያብረቀርቃል። ዙሪያውን ጫን ጫን አድርጋ እሾሁን ወደ ላይ ገፋችውና አንድ ጊዜ ያዘችው። ወጣ። ልጁ ማልቀሱን ሳይጨርስ ወጣ።

«እትዬ፣ ይሄን ማን ሠራው?» አልኳት።

«የድሮ ነው» አለች፤ ወደ ማኅደሩም መለሰችው።

የድሮ መሆኑን አውቃለሁ። ማን እንደ ሠራውም አውቃለሁ። የሠራው የእሷ አባት፣ የእናቴ አባት፣ አያቴ ነው። አያቴ ቀጥቃጭ ነበር።

ይህን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ ዕድሜዬ ሠላሳዎቹን አጋምሷል፤ በወረቀት ላይ ሳሰፍረውም የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። እናቴ ልጆች ሳለን «አባታችሁ የማን ልጅ ነው ቢሏችሁ ተናገሩ፤ የእኔን ግን ማንም አይጠይቃችሁም» ትለን ነበር። ለምን እንደሆነ ሳይነገረን ገባን። አንባቢም ሳይነገረው ይገባዋል። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ጠይብ ነው፣ ዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል የኖረበት አገር ነው። ማረሻውን ከእጁ ይገዙታል፤ ልጁን ግን አያገቡም። መጀመሪያ ላይ ለማንሣት ያልደፈርኩት ነገር ይህ ነው።

* * *

በዚያው ሰሞን የቁልፍ መያዣው የመቀስ ሞላ ተሰበረ። ሞላው ከተሰበረ መቀሱ ተዘግቶ ይቀራል እንጂ አይመለስም። አዲስ አበባ ብሆን እጥለው ነበር። ሐራ ግን የገበያ ቀን ነበርና ከገበያው ዳር ወናፉን ዘርግቶ ከተቀመጠ አንድ አዛውንት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄድኩ። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ማጭድ እያወጣ ነበር።

«አያ፣ ይቺን ነገር ማየት ይችላሉ?» አልኩት።

ተቀበለኝና ለረጅም ጊዜ አገላበጠው። አልናቀውም፤ አላደነቀውምም። አንድ የሥራ ባልደረባ የሌላውን ሥራ እንደሚያየው አየው። «ልጅ ናት ገና» አለ፣ ብረቷን ማለቱ ነው። ከተሰበረ የብረት መጋዝ ምላጭ ላይ ስስ ቁራጭ ቆረጠ፤ እሳት ውስጥ አገባ፤ አውጥቶ ቀስ ብሎ ሞረደ፤ አጠፈ፤ እንደገና እሳትና ውኃ አሳየው። በሦስተኛው ሙከራ ገጠመ። መቀሱ ተከፈተ፤ ተዘጋ፤ ተከፈተ።

እየሠራ ሳለ «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። የአባቴን ስም ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ፤ አላወቀውም።

«እናትህስ?»

ዝም አልኩ። ከዚያም ተናገርኩ።

እጁን ከሥራው አነሣ። አያቴ ዘንድ ልጅ ሆኖ ወናፍ ይነፋ እንደ ነበር ነገረኝ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ራሱ ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ መሬት ይሰጠው ሲል አያቴም መሬት ደረሰው፤ ማረሻ ሲሠራ የኖረ ሰው በራሱ ማረሻ አረሰ። መዶሻውን ግን አልጣለም፤ ማታ ማታ ይቀጠቅጥ ነበር አለኝ። ይህን እናቴ አልነገረችኝም ነበር።

ሒሳብ ልከፍል ገንዘብ አወጣሁ። አዛውንቱ እጄን መለሰው።

«ከዘመድ አይወሰድም!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለሚቀጥለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ማን እንደ ሰማ ለማየት ዘወር ብዬ ገበያውን ቃኘሁ። የስዊሱን ቢላዋ ሠሪ በየካፌው የማወድስ ሰው፣ ዘመናዊ ነኝ የምል፣ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ዘወር ብዬ ቃኘሁ። አዛውንቱም አየኝ። ምንም አላለም። ማጭዱን አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ።

* * *

አሁን ወደ ሒሱ ልመለስ።

«ይህ የድሮ ነገር ነው፤ ዛሬ ማን ጠይብ ይላል?» የሚለኝ አይጠፋም። ሕጉ ድሮ ነው፤ እውነት ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከላይ ያነሣሁት የመሬት አዋጅም ቀጥቃጩን ከገበሬው እኩል ባለመሬት አደረገው። ነገር ግን አዋጅ ምላስን ይከለክል ይሆናል እንጂ አንገትን ዘወር ከማለት አይከለክልም። የእኔ አንገት ምስክር ነው።

ቋንቋችንም ምስክር ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞላ፣ ባሌስትራ የምንላቸው ከጣልያን ወርሰናቸው ነው፤ እነዚህን ስሞች ስንጠራ አናፍርም፤ እንዲያውም ሠልጠን ያልን ይመስለናል። ወረንጦ፣ ወስፌ፣ ጉጠት፣ ወናፍ ግን የቤታችን ቃላት ናቸው፤ ከነሠሪያቸው ወደ ጓሮ ገፍተናቸዋል። ከዚያም የአገር ውስጥ ብረት ሥራ ለምን አላደገም ብለን እንጠይቃለን። ሠሪው ልጁን ሙያውን እንዳያስተምር ያደረግነው እኛው ነን። እናቴ የደበቀችን አባቷን ብቻ አይደለም፤ ከአባቷ እጅ የነበረውን ዕውቀትም ጭምር ነው። እኔ አንድ ሞላ እንኳ መሥራት አልችልም።

የቁልፍ መያዣው እንደ ዕቃ ሲመዘን ፍርዴ ይህ ነው። መቀሱ ጥሩ ነው፤ አሁን ደግሞ ከበፊቱ ይሻላል፤ ሞላው የሐራ ነውና። ካራው ለብርቱካንና ለፖስታ ይበቃል። ሞረዱ መካከለኛ ነው። የጥርስ መጎርጎሪያውን ተውት። ወረንጦው ወድቋል፤ በልጅ እግር ላይ ተፈትኖ ወድቋል። ዕቃውን መያዝ አልተውኩም፤ አንባቢም ቢይዝ አልከለክለውም። ፍተሻ ላይ ግን ትዕግሥት ይያዝ።

እንደ ሐሳብ ሲመዘን ግን ይዋሻል ያልኩት እዚህ ላይ ነው። «ማንንም አትለምን» ይላል፤ እሱ ራሱ ግን የሰው እጅ ነው። ስሙ ያልተጻፈ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ገጣጥሞታል፤ ስሙን ያልጻፍኩት አዛውንት ደግሞ ጠግኖታል። ለራሱ ብቻ የሚበቃ መሣሪያ የለም። ስዊሶችን የሚለያቸው ብረታቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ብረቱን የሠራውን ሰው ስም ጠርተው፣ ሥራውን በእናቱ ስም ሲሰይም አላፈሩበትም። እኛ ከእናታችን ወገን የመጣውን ብረት ማን ሠራው ስንባል «የድሮ ነው» እንላለን።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ወደ አዛውንቱ ሄጄ ወረንጦ እንዲሠራልኝ ለመንኩት። ለመንኩት ነው ያልኩት። ሠራልኝ፤ ገንዘቡንም በግድ ሰጠሁት፤ ስለ ዚያኛው ቀን ሁለታችንም አላነሣንም። አሁን ከቤቴ ቁልፍ ጋር ሁለቱም ተንጠልጥለዋል።

ለአክስቴ ይህን ጽሑፍ እንደምጽፍ ነገርኳት። ቡናውን እየቀዳች ትንሽ አሰበች።

«ጻፈው» አለች። «ግን ስማችንን እንዳታነሣ። አንተም ገና አላገባህ።»

ቃሏን ጠብቄአለሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የስዊሱ ቢላዋ ሠሪ ስም ከነአባቱ አለ፤ የአሜሪካዊውም አለ። የአያቴ ስም የለም።